ጥራትን ማን ይመዝነው?

በመዋዕለ ሕፃናት የምትሠራ እኅት ወይም ጎረቤት ያላችሁ አንባቢያን፣ «ዛሬ መዛኝ ይመጣብናል» ስትል ሰምታችኋት ይሆናል። በአሜሪካ በሰፊው የሚሠራበትን መመዘኛ ቴልማ ሃርምስና ሪቻርድ ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1980 አወጡት፤ በኋላም ተሻሽሏል። መዛኙ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጦ የእጅ አስተጣጠቡን፣ መጫወቻውን፣ የመምህርቷንና የልጆቹን ንግግር እየተመለከተ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል። መምህርቷ ራሷ ጥራት የምትለው ምን እንደሆነ ግን ወረቀቱ አይጠይቃትም።

እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝኛ የታተመው «ከጥራት ባሻገር» የተሰኘ መጽሐፍ ይህን ልማድ ይሞግታል። ደራሲዎቹ ስዊድናዊቷ ጉኒላ ዳልበርግ፣ እንግሊዛዊው ፒተር ሞስና የካናዳው አለን ፔንስ ናቸው። ጥራት እንደ ቁመትና ክብደት በራሱ የቆመ ነገር ሳይሆን፣ ሰዎች በአንድ ቦታና ዘመን፣ ብዙውን ጊዜም ባለሙያዎች ብቻቸውን የወሰኑት ነው ይላሉ። መመዘን አንድ ምርጫ እንጂ ብቸኛው መንገድ አይደለም። በአማራጭነት የሚያቀርቡት በሰሜን ኢጣልያ በሬጆ ኤሚልያ ከተማ የዳበረውን ልምድ ነው፤ በዚያ መምህራን የልጆቹን ንግግር፣ ሥዕልና ጨዋታ እየመዘገቡ ከባልደረቦቻቸውና ከወላጆች ጋር ትርጉሙን ይመረምራሉ።

ይህ ለመምህርቷ ትልቅ ክብር ነው። ለወራት ዝም ብሎ የቆየ ልጅ አንድ ቀን ጓደኛውን «ና እንጫወት» ቢለው፣ ያን ቀን ከ7 ስንት ትሰጡታላችሁ? «ልጄ ፊደል ቆጠረ ወይ?» ብቻ ብለን የምንጠይቅ ወላጆችም የራሳችንን ሚዛን ይዘን እንደምንዞር መጽሐፉ ያስታውሰናል።

ይሁንና ቅሬታ አለኝ። መመዝገብና መወያየት ጊዜ ይፈልጋል። በሬጆ ኤሚልያ ሁለት መምህራን አንድ ክፍል አብረው ይይዛሉ፤ የሚመካከሩበት ሰዓትም ከሥራ ሰዓታቸው ይቆጠራል። ይህ በሌለበት ቦታ ምክሩ ለደከመች መምህርት ተጨማሪ ሸክም ይሆናል። ከዚህም በላይ፣ ቁጥር የሚናቅ ነገር አይደለም። መምህርቷ «ልጆቹ በዙብኝ፣ ረዳት ይጨመርልኝ» ስትል አሠሪዋ ቶሎ የሚሰማት ቁጥር ይዛ ስትቀርብ ነው፤ ያውም የአገሩ ቋንቋ ገና ያልተቃናላት ከሆነች። ፕሮፌሰሩ ሚዛኑን ቢተወው የሚጎድልበት የለም፤ እርሷ ግን ምስክሯን ታጣለች።

መጽሐፉ መነበብ የሚገባው ነው፤ ጥያቄው ትክክል ነውና። መልሱ ግን ሚዛኑን መጣል ሳይሆን፣ ሚዛኑ ሲሠራ መምህርቷን ማስቀመጥ ይመስለኛል። መዛኙ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል፤ ከልጆቹ ጋር ዓመቱን የምትዘልቀው እርሷ ናት።