እንግዳውና ዋሱ፤ ስለ ሪቻርድ በርተን የሐረር ጉዞ መጽሐፍ የቀረበ ትችት

ባሁኑ ዘመን ስለ ቱሪዝም በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ አንድ ቃል ይደጋገማል፤ ይኸውም «ኀላፊነት» የሚለው ቃል ነው። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ ታውን ከተማ የተሰበሰቡ ሰዎች ባወጡት መግለጫ፣ ቱሪዝም አንድን ስፍራ በመጀመሪያ ለነዋሪው የተሻለ መኖሪያ፣ ቀጥሎም ለጎብኚው የተሻለ መጎብኛ እንዲያደርገው ጠይቀዋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ይህን ሐሳብ ከውጭ እንደ መጣ አዲስ ነገር አድርጎ የሚቀበል ሰው፣ ይልቁንም ለጅግጅጋና ለአካባቢዋ ከተሞች የቱሪዝም ዕቅድ ለማውጣት የሚያስብ ሰው፣ አንድ የቆየ መጽሐፍ ቢያነብ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉም እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1856 ዓ.ም. በሎንዶን ያሳተመው «የመጀመሪያ እርምጃዎች በምሥራቅ አፍሪካ» የተባለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ደራሲውን ማመስገን ወይም መንቀፍ ብቻ አይደለም፤ እንግዳ ለባለ አገሩ ምን ዕዳ እንዳለበት ከመጽሐፉ ለመመርመር ነው እንጂ።

በርተን የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር መኮንን ነበር። በ1854 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር መጨረሻ፣ ሐጂ አብዱላህ የሚባል ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ተነሣ። የኢሳንና የጋዳቡርሲን አገር አልፎ፣ «ማራር» ብሎ የሚጠራውን ሰፊ የሣር ሜዳ አቋርጦ፣ በጃኑዋሪ 3 ቀን 1855 ዓ.ም. ሐረር ገባ። ያ ሜዳ ዛሬ ጅግጅጋ ያለችበት ሜዳ ነው፤ የምናውቃት ከተማ ግን በዚያን ጊዜ ገና አልተቆረቆረችም ነበር። የጅግጅጋ ልጅ የሆነ አንባቢ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አያቶቹ ከብት የጠበቁበትን መስክ ከበቅሎ ጀርባ ላይ ሆኖ ሲታይ ያገኘዋል።

ከመጽሐፉ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመው ስለ «አባን» የተጻፈው ክፍል ነው። በሶማሌ ሕዝብ ልማድ መሠረት ባዕድ ነጋዴ ወይም መንገደኛ ወደ አገሩ ሲገባ አንድ አባን መያዝ ነበረበት። አባኑ ደላላው፣ አጃቢው፣ ወኪሉና አስተርጓሚው ይሆናል። ከሽያጩ ድርሻ ይቀበላል፤ ቀለቡንም እንግዳው ይችላል። በምትኩ ጠብ ቢነሣ ያስታርቃል፤ አስፈላጊም ሲሆን ስለ እንግዳው ብሎ ከገዛ ወገኖቹ ጋር ይዋጋል። አባኑ ቢገደል ጎሣው ነገሩን ያነሣል፤ የእንግዳውንም ጉዳት ይክሳል። አይ. ኤም. ሉዊስም በ1961 ዓ.ም. «የአርብቶ አደሮች ዲሞክራሲ» በተባለው ጥናቱ፣ በቅፍለት ላይ የደረሰ ጥቃት በአባኑ ክብር ላይ እንደ ደረሰ ይቆጠር እንደ ነበር ገልጿል። በደጋው አገር ወደ ቤተ መንግሥት ለሚመጣ እንግዳ «ባልደረባ» ይሰጠው እንደ ነበር እናውቃለን። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ ባልደረባን የሚሾመው ጌታ ሲሆን፣ አባን በውል የሚያዝ ነው፤ ከኋላው የሚቆመውም ሹም ሳይሆን ወገኑ ነው።

በርተን ይህን ሁሉ በጥንቃቄ መዝግቦ ሳለ ትርጉሙን ግን አሳነሰው። ልማዱን እንደ መጀመሪያ ዓይነት የመተላለፊያ ቀረጥ ቈጠረው። ለአባንነት ስለ ተያዘለት ስለ ኢሳው ሰው ስለ ራጌ ሲጽፍም የሚበዛው የመዘግየትና የመጠየቅ ወሬ ነው። ዋጋውን እየቈጠረ፣ በዋጋው የገዛውን ነገር ዘነጋው። ከጥቂት ተከታዮች ጋር ሆኖ ከአምስት ሳምንት በላይ በማያውቀው አገር ተጉዞ በሕይወት ሐረር የገባው በጠመንጃው ብቻ አይደለም፤ ከአንዱ ጎሣ ወደ ሌላው በሰው ቃል እየተላለፈ ነው። ወዳጁ ስፔክ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ሲጓዝ አባኔ በደለኝ ብሎ ሰውየውን በኤደን አስከስሶ አሳሰረው። ምናልባት በደሉ እውነት ይሆናል። ነገር ግን በሶማሌ ምድር የተገባ ውል በአገሩ ሽማግሌዎች ፊት ሳይታይ፣ ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝ ሹም ፊት ተፈረደ። እንግዳው የባለ አገሩን ከለላ ይፈልጋል፤ የባለ አገሩን ዳኝነት ግን አይፈልግም ማለት ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከዚህ ይከብዳል። በርተን በመንገድ ላይ ስሙን ለውጦ ሄደ። ሐረር ሊገባ ሲቃረብ እንግሊዛዊነቱን ለመግለጥ ቈረጠ፤ ሆኖም ለአሚር አሕመድ ያቀረበውን፣ ከኤደኑ የእንግሊዝ ሹም የመጣ የተባለውን ደብዳቤ ራሱ ጽፎት ነበር። ይህንንም በመጽሐፉ አልደበቀም፤ እንደ ብልኀት ነው የተረከው። በመጽሐፉ መጨረሻም ስለ ሴቶች ግርዛት በላቲን ቋንቋ አንድ ክፍል ጨምሮ ነበር፤ አሳታሚው ግን ከአብዛኞቹ ቅጂዎች አወጣው። ጉዳዩ ፈጽሞ መነገር አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ደራሲው ላቲን የመረጠው፣ አሳታሚውም ክፍሉን ያወጣው የእንግሊዙን አንባቢ ጨዋነት ለመጠበቅ ነበር፤ ገመናቸው የተጻፈባቸውን ሴቶች ክብር ያሰበ ማንም አልነበረም።

እዚህ ላይ የአባንም ልማድ ጉድለት ይታያል። አባኑ ለእንግዳው ነፍስና ንብረት ዋስ ነበር፤ ለእንግዳው ብዕር ግን ዋስ አልነበረም። እንግዳው በባለ አገሩ ላይ ጉዳት ቢያደርስ፣ ይልቁንም ጉዳቱ ካገሩ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ሲሆን፣ ማን ይጠየቃል? ጥቅሙም ቢሆን ለአንዱ አባንና ለቅርብ ዘመዶቹ የሚደርስ ነበር። ስለዚህ የጥንቱ ሁሉ ፍጹም ነበር ከሚሉት ጋር አልስማማም። ልማዱ ግማሹን ጥያቄ መለሰ፤ ሌላውን ግማሽ ለእኛ ተወልን።

ያ ግማሽ ዛሬ በሐረርና በጅግጅጋ መካከል ባለው መንገድ ላይ ይታያል። ጎብኚው በ2006 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የሐረር ጀጎል ያያል፤ ማታም ጅብ ሲበላ አይቶ ይመለሳል። ጥቂት የሚደፍር ከባቢሌ አልፎ በዳካታ ሸለቆ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው የቆሙትን ድንጋዮች ከመኪና ወርዶ ፎቶግራፍ ያነሣል። በስፍራው ከሚኖረው ሰው ጋር ሳይነጋገር መጥቶ ሳይነጋገር ቢሄድ፣ አገሩ ባዶ መስሎት ይሄዳል። በ1970 ዓ.ም. የተቋቋመው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያም ከፊሉ በኦሮሚያ፣ ከፊሉ በሶማሌ ክልል ነው። እርሻና ሰፈራ እየገፋው ነው። ዝሆን ማሳውን የረገጠበት ገበሬ ከጎብኚው ምን አገኘ? የዝሆኑስ አባን ማን ነው? መልሱን አንዱ ክልል ለሌላው ሊተወው አይችልም።

ይህን ማድረግ እንደሚቻል ግን በገዛ አገራችን ምሳሌ አለ። በሰሜን ወሎ፣ በመቄት አምባዎች፣ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያ ጎጆዎች ተሠርተው፣ መሪው፣ አብሳዩና የአህያ ጫኙ የቀበሌው ሰው ሆኖ እንግዳ ተቀብለዋል። እንግዳው የአንድ ሆቴል ሳይሆን የመንደሩ እንግዳ ሆነ።

ነገር ግን በጅግጅጋ ጉዳዩ ከጎጆ ይጠልቃል። በኦገስት 2018 ዓ.ም. በከተማዋ ሁከት ተነሥቶ ሰዎች ተገደሉ፤ ሱቆች ተዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ከዚህ ወር በኋላ ስለ ጎብኚ አልጋ ብቻ መናገር አይቻልም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አብርሃም ሦስቱን እንግዶች እንዴት እንደ ተቀበለ ተምሬአለሁ፤ የሶማሌ ጓደኞቼም ያንኑ የኢብራሂምን ታሪክ ከቁርአን ትምህርት ቤት ያውቁት ነበር። ሁላችንም እናውቀው የነበረ ነገር በዚያ ወር ምን ዋጋ ነበረው? ጎረቤት ለጎረቤቱ አባን መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው የሚሰጥ ዋስትና ማስታወቂያ ብቻ ይሆናል።

የጅግጅጋ አውሮፕላን ጣቢያ የሚጠራው በገራድ ዊል ዋል ስም ነው። ስለ እርሱ በሚነገረው ተረት፣ ገራዱ «ሰውን አንድ የሚያደርገውን፣ ሰውንም የሚለያየውን የበግ ብልት አምጡልኝ» ብሎ ሕዝቡን አዘዘ። ሁሉም ምርጥ ምርጡን ሥጋ ሲያመጣ፣ አንድ ድሀ በሴት ልጁ ምክር ጉሮሮ አመጣ፤ መልሱም እርሱ ሆነ። ተካፍሎ የሚበላ ጉሮሮ ያፋቅራል፤ ብቻውን የሚውጥ ያጣላል።

የቱሪዝም ገንዘብም እንዲሁ ነው። ዕቅድ አውጪዎች ስንት ጎብኚ እንደሚመጣ ከመቍጠራቸው በፊት፣ ማን ዋስ እንደሚሆን፣ ማን እንደሚካፈል፣ እንግዳውም ሲበድል በማን ፊት እንደሚቆም ቢወስኑ ይሻላል። እኛ ተማሪዎችም የአባንን ሥርዐት ከበርተን ብቻ ልንማረው አይገባም፤ በጅግጅጋ፣ በአውበሬ፣ በቀብሪበያህና በቶጎ ውጫሌ የሚኖሩ ሽማግሌዎች ካባቶቻቸው የሰሙት ሳይጠፋ ከአፋቸው ሰብስበን ልንጽፈው ይገባናል። የእንግዳው መጽሐፍ ታትሞ ከ160 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የባለ አገሩ መልስ ግን ገና አልተሟላም።