ስለ ድረ ገጽ አሠራር ለአሳታሚዎች የሚሰጥ ትምህርት

አሜሪካዊው ስቲቭ ክሩግ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ርእሱም ወደ አማርኛ ሲመለስ «በማሰብ አታድክመኝ» እንደ ማለት የሚሆነው መጽሐፍ፣ የድረ ገጽን አሠራር ለሚማሩ ሰዎች የታወቀ መማሪያ ነው። የመጻሕፍት አዘጋጆችና አሳታሚዎች ሥራቸውን ወደ ኢንተርኔት ሲያሻግሩ ይህን መጽሐፍ መምህር ቢያደርጉት ምን ይጠቀማሉ? በምንስ ይሳሳታሉ? ብሎ መመርመር ተገቢ ነው።

የደራሲው መሠረተ ሐሳብ፣ ሰው ድረ ገጽን ቃል በቃል አያነብም፤ የሚፈልገውን እስኪያገኝ ድረስ በዓይኑ ይቃኛል የሚል ነው። ያኮብ ኒልሰን በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከተፈተኑት ሰዎች ከመቶ 79ኙ እንዲሁ ሲያደርጉ፣ ቃል በቃል ያነበቡት 16ቱ ብቻ መሆናቸውን ስላስታወቀ፣ ነገሩ እንዲያው ግምት አይደለም። አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይከተለኛል ብሎ ለሚያምን አዘጋጅ ይህ መራራ ትምህርት ነው።

ከምክሩ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሦስት ወይም አራት ሰዎችን በየተራ ከገጹ ፊት አስቀምጦ፣ ምንም ሳያግዙ ዝም ብሎ መመልከት ነው። የታተመ መጽሐፍ አንባቢው የት ላይ እንደ ተሰናከለ ለአሳታሚው አይነግረውም። እዚህ ግን አዘጋጁ «ማውጫው ይኸውልህ» ለማለት ምላሱን እየበላው ሲታገሥ፣ የገዛ ሥራው ጉድለት ይገለጥለታል።

ሆኖም ደራሲው ከገጹ ቃላት እኩሌታውን፣ ከቀረውም እንደ ገና እኩሌታውን ማስወገድ ይገባል ያለውን ሕግ ያለ ልዩነት የሚቀበል አሳታሚ ይሳሳታል። ሕጉ የተነሣው በከንቱ የመቀበያ ንግግርና ማንም በማያነበው መመሪያ ላይ ነው፤ ለልብ ወለድና ለግጥም አይሆንም። መንገዱ ይጠር እንጂ ቤቱ አይፍረስ። መጽሐፉ ይህን ልዩነት በሚገባ ስለማያሰፋው፣ መምህሩ ሊያሟላው ግድ ነው።

ለእኛም ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሓፊዎቻችን የምዕራፍን መነሻና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም መጻፋቸው ለዓይን ማረፊያ ሆኗል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ፣ የመጽሐፍን ገጽ በፎቶግራፍ አንሥቶ በድረ ገጽ ላይ መለጠፍ አሳማኝ ምክንያት የለውም፤ እንዲህ ባለው ገጽ ቃል ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል፤ በስልክም ላይ ፊደሉ ይደቅቃል። አንባቢው ተቸግሮ ሲሄድ፣ ደራሲው የደከመበት ሥራ ሳይነበብ ይቀራል። ይህን ኪሣራ ለማስቀረት ክሩግን በማስተዋል ማንበብ ይበጃል።