ማሩን ያልረሳ ጠጅ

ጓደኛሞች ተጠራርተው ለጥቂት ቀን ዕረፍት ባሕር ዳር ሲወርዱ ጠጅ የሚታወሳቸው ማታ ነው። ቀኑን በጀልባ ሲዞሩ፣ ጢስ ዓባይ ወርደው ሲወጡ፣ አሣ ጥብሱን ከነሚጥሚጣው ሲበሉ ይውላሉ። ሰውነት ዝሎ፣ ምላስም ተቃጥሎ ሳለ ብርሌው ይመጣል። በዚያ ሰዓት ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይ አፍ የለም። በእኔ እምነት ጉዞው ተገልብጦ መታቀድ አለበት፤ ጠጁ መሃል ላይ ይቀመጥና ሌላው ሁሉ በዙሪያው ይሰደር።

የወይን አገር ከተባለ ዝዋይ አለን፤ የፈረንሳዩ ካስቴል እዚያ ያለማው ወይን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 በጠርሙስ ገበያ ላይ ወጥቷል። የጠጅ አገር ከተባለ ግን ጣና ዳርን የሚያህል ለመማር የሚመች ቦታ አላውቅም። ማሩ ከጎጃምና ከደራ ገጠር ይገባል፣ ጌሾው ከከተማው አሻግሮ ዘጌ ላይ ይበቅላል፣ ጠጅ ቤቱም እዚያው ከተማው ሰፈር ውስጥ ነው። ሦስቱን በሁለት ቀን ውስጥ በቅደም ተከተል ያየ ሰው፣ ብርሌ ፊት ሲቀመጥ የሚፈልገውን ያውቃል።

የሚፈለገው ነገር አንድ ነው። ጥሩ ጠጅ ፈልቶ፣ መርሮ፣ ሰክኖም ማሩን ያልረሳ ጠጅ ነው። ጥንካሬ መለኪያ አይደለም። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው ከተለያዩ ጠጅ ጣዮች የሰበሰቧቸውን ናሙናዎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ የአልኮሉ መጠን ከ3 በመቶ በታች ጀምሮ ከ20 በመቶ በላይ ድረስ ሲለያይ ተገኝቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጠጅ ጣይ እርሾ ገዝታ አትጨምርም። የሚያፈላው ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ የሚመጣው የተፈጥሮ እርሾ ስለሆነ የአንዷ ጋን ከሌላዋ፣ የዛሬው ከባለፈው ወር አይገጥምም። «ያዞራል» የሚል ምስጋና ስለ ጠጁ ምንም አይነግራችሁም።

እንግዲህ ከማሩ ጀምሩ። የባሕር ዳር ገበያ የሚደምቀው ቅዳሜ ነውና ዓርብ ግቡ፤ ቅዳሜ ጠዋት ማር ተራ ሂዱ። ክረምቱ ወጥቶ አደይ፣ መጭና ኑግ ሲያብቡ ንቡ ይሠራል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል። ለዚህ ነው ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ የሚቀርበው ጠጅ በዓመቱ ውስጥ የተሻለው የሚሆነው። በብልቃጥ ተጣርቶ የሚያብረቀርቀውን ለቁርስ ተዉት። ጠጅ ጣይ የምትሻው ከነሰፈፉ ያለውን ድፍድፍ ማር ነው፤ በውስጡ የቀረው የአበባ ዱቄት እርሾውን ስለሚመግበው መፍላቱ ይሠምራል። ሻጩን አስፈቅዳችሁ በጣታችሁ ጫፍ ቅመሱ። ጥሩ ማር ጉሮሮን ትንሽ ያዝ ያደርጋል፣ ከተዋጠ በኋላም የአበባው ሽታ ወደ አፍንጫ ይመለሳል። ጭስ ጭስ የሚል ከሆነ ሲቆረጥ ጭሱ በዝቶበታል፤ ያ ሽታ እስከ ብርሌው ይከተላል። ክብሪት ነክሮ መለኮስ፣ ውኃ ላይ ጠብ ማድረግ የሚባሉት ፈተናዎች አያስተማምኑም። በጎጃም በኩል የመጣውንና በደራ በኩል የመጣውን ጎን ለጎን ቅመሱና ልዩነቱን እርስ በርስ ተነጋገሩ፤ ወዳጅ አብሮ መኖሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፣ አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዘዋል።

ከሰዓት በኋላ ወይም በማግስቱ ጠዋት ወደ ዘጌ ነው። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሰው ሁሉ የሚሄደው ለዑራ ኪዳነ ምሕረትና ለአዝዋ ማርያም ሥዕሎች ነው፤ ይገባቸዋልም። እናንተ ግን ከጀልባው ወርዳችሁ ወደ ገዳማቱ በሚወስደው መንገድ ስትሄዱ ግራና ቀኙን እዩ። ዘጌ ላይ በበሬ ማረስ በጥንቱ የገዳም ሥርዓት፣ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ተብሎ፣ ክልክል ሆኖ ስለኖረ ሕዝቡ የሚተዳደረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ደኑም የተረፈው በዚሁ ነው። ጌሾን በዱቄትነቱ ብቻ የሚያውቅ የከተማ ልጅ፣ ቁጥቋጦውን ከቡናው ሥር ቆሞ ሲያየው ይገረማል። ቅጠሉ ለጠላ ይወቀጣል፤ ለጠጅ የሚመረጠው እንጨቱ ነው፣ ምሬቱ ቀስ ብሎና በልክ ይወጣልና። የጌሾ እንጨት ስትገዙ ሻጋታ የሌለበትን፣ ሲሰበር ቀጭ የሚለውን ምረጡ። ትንሽ ልጣጭ ብታኝኩ ምሬቱን ከሥሩ ታውቁታላችሁ፤ ያ ምሬት ማታ ብርሌው ውስጥ የት እንደሚቆም ማየት ነው ሥራችሁ።

አጣጣሉን ለማወቅ ብዙ አያስፈልግም። ጋኑ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ብዙ ጊዜ አንድ እጅ ማር ከሦስት እጅ ውኃ ጋር ይበጠበጣል፤ ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል፤ ጌሾው ተቀቅሎ ይገባል፤ እንደ ቆላው እንደ ደጋው ከሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ በመጨረሻ በጨርቅ ይጣራል። የምትቀምሱት ጉድለት ሁሉ ከእነዚህ ከአንዱ የመጣ ነው።

አሁን ጠጅ ቤት ግቡ፤ ግን አሥር ሰዓት ላይ፣ ከእራት በፊት። ከቆሎ በቀር ምንም አትብሉ። አራት ወይም አምስት ሆናችሁ ብትቀመጡ ለመነጋገር ይበቃል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ብርዝ ይሁን። ብዙ ሰው ብርዝን የልጆችና የማይጠጡ ሰዎች መጠጥ አድርጎ ያልፈዋል፤ ለእኔ የቤቱ ምስክር እሱ ነው። ብርዝ ማርና ውኃ ብቻ ስለሆነ ማሩ ራቁቱን ይቆማል፤ መደበቂያ ጌሾ የለውም። ብርዙ ባዶ ጣፋጭ ሆኖ ሽታ ከሌለው ጠጁን ሳትቀምሱ መሄድ ትችላላችሁ። ብርዝ የሌለው ቤት ማር የለውም ማለት አይደለም፣ ጥያቄው ግን ይበረታበታል።

ቀጥሎ አንዳችሁ ለስላሳ፣ ሌላችሁ መካከለኛ፣ ሌላችሁ ደረቅ እዘዙና ተቀባበሉ። ከማቀዝቀዣ የወጣ በረዶ ጠጅ ሽታው ታስሯል፤ ብርሌውን በመዳፋችሁ ይዛችሁ ጥቂት አሙቁት። የብርሌ አንገት ጠባብ መሆኑ ለዓይን ብቻ የተሠራ አይደለም፣ ሽታውን ሰብስቦ ወደ አፍንጫ ያቀብላል። መጀመሪያ አሽትቱ። የአበባ፣ የሰም፣ የወይራ ጭስ ሽታ ካገኛችሁ ደግ ነው። የሚያቃጥል አልኮል ብቻ ከመጣ በማር ፈንታ ስኳር እንደገባበት ጠርጥሩ። ከዚያ ትንሽ ተጎንጭታችሁ አፍ ውስጥ አቆዩት። የማር ጣፋጭነት አፍን ሞልቶ ቶሎ ይለቃል፤ የስኳሩ ምላስ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አይነሳም። ምሬቱ ከጣፋጩ በኋላ ይምጣ፣ ጉሮሮ ጋ ይድረስ፣ እዚያው ይለቅ። ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚመርና ቆይቶም የሚቧጥጥ ከሆነ ጌሾው በዝቷል ወይም ሳይወጣ ብዙ ቆይቷል። ትንሽ ኮምጠጥ ማለት የጤና ነው፤ ሆምጣጤ ሲሸት ግን ጋኑ አየር ገብቶበታል። አንዳንድ ቤት የኮመጠጠውን ስኳር ጨምሮ ያድነዋል፤ የዚያ ጠጅ ጣፋጩና ሆምጣጤው ሳይዋሃዱ ተራ በተራ ይሰማሉና ይታወቃል።

ቀለሙ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ጠጅ ከነጣ ቢጫ እስከ ደማቅ ቡኒ ይደርሳል፤ እንደ ማሩ ነው። ትንሽ ደፍረስ ማለቱም ነውር አይደለም። የሚያሰጋው በየወሩ ያው አንድ ዓይነት፣ ዓይን የሚወጋ ቢጫ የሆነው ነው። ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርጉት፤ ደማቅ ቢጫ ከተወ ቀለም እንደገባበት ጠርጥሩ። የመጨረሻው ፈተና የምወደው ነው፤ ጨርሳችሁ ባዶውን ብርሌ ሩብ ሰዓት ተዉትና እንደገና አሽትቱት። የማር ጠጅ ብርሌ ባዶውንም ማር ማር ይላል።

በድሮው ግብዣ አሳላፊው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነበር ለእንግዳ የሚያቀርበው። ዛሬ የዚያን ዋስትና ቦታ የሚይዘው ጥያቄ ነው። «እትዬ፣ ማሩ የየት አገር ነው? መቼ ተጣለ?» በሉ። ማር የገዛች ሴት ጥያቄው ደስ ይላታል፤ አገሩን ትጠራለች፣ ቀኑን ትናገራለች፣ አንዳንዴም ከጓዳ ሌላ ጋን ታስቀምሳለች። ፊቷ ከጠቆረ መልሱን አግኝታችኋል። አዝማሪውን ለሁለተኛው ምሽት አቆዩት፤ ማሲንቆ እየሰሙ ጠጅ መደሰት እንጂ ጠጅ መመዘን አይሆንም።

ለመንገዱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ በግጭት ውስጥ ስላለፈ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ ለሽርሽር የሚመጣ እንግዳ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጎዱት ጀልባ ነጂውና ጠጅ ጣይዋ ናቸውና፣ መንገዱ ደህና ከሆነ ሂዱላቸው። የሚያሽከረክረው ወዳጃችሁ በብርዝ ይሰንብት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ስኳር ወደ ጋን የገባው ጠጅ ጣዮች ሙያው ጠፍቷቸው አይደለም። ማር ሲወደድ ጠጪው በድሮው ዋጋ ካልሆነ ስላለ ነው። ማር የሚሸት ብርሌ ከቀረበላችሁ በዋጋው አትከራከሩ፤ የተጠየቃችሁትን ክፈሉ፣ የቤቱንም ስም ለወዳጅ ንገሩ።