ጋዜጠኛ ታሪክ ሲጽፍ ማንን ይረሳል?

ጨፋ ሮቢት የሚለውን ስም እስቲ ልብ በሉት፤ ውስጡ ሮብ አለ። እዚያው ዞን ያለችው ሰንበቴም እሑድን ይዛለች፤ በእሑድ ገበያዋ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራውና አፋሩ ይገናኛሉ። በበጋ ደግሞ የቦርከና ውሃ የሚያርሰው የጨፋ ሜዳ ከሩቅ የመጣ ከብት ያሰማራል። ይህ ሁሉ ታሪክ ነው፤ ግን ሐውልት የለውም። ታዲያ ታሪክ ጸሐፊ ያየዋል ወይ?

ጥያቄውን በአንድ የታወቀ ቤተሰብ ሥራ እንፈትነው። ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዛዊት ጋዜጠኛ ነበሩ። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት በግንቦት 1936 (እ.ኤ.አ.) «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለ ጋዜጣ ጀምረው 20 ዓመት ገደማ አዘጋጁት። የመርዝ ጋዙን ግፍ ዓለም እንዳይረሳ ወተወቱ። በ1955 ስለ ኢትዮጵያ የባህል ታሪክ ወፍራም መጽሐፍ አሳተሙ፤ በዓመቱ አዲስ አበባ ገቡ። ልጃቸው ሪቻርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ጀመሩ፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ ፕሮፌሰርም ተባሉ። ከጋዜጣ እስከ ፕሮፌሰርነት ያለውን መንገድ እናትና ልጅ ተቀባብለው ሄዱት ማለት ነው።

የእናትየው መጽሐፍ ብርታትም ድክመትም የሚመነጨው ከጋዜጠኝነታቸው ይመስለኛል። ለተጠቃች አገር ጠበቃ ነበሩ፤ ጠበቃ ደግሞ ዳኛውን የሚያሳምነውን ማስረጃ ያስቀድማል። ዳኛው የአውሮፓ አንባቢ ነበር። ስለዚህ አክሱም፣ ላሊበላ፣ የግእዝ ድርሰትና የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጎልተው ወጡ። ገበያው፣ ግጦሹና መንዙማው ያን ያህል ቦታ አላገኙም።

ልጅየው በሩን ሰፋ አደረጉት። ከ1800 እስከ 1935 ያለውን ዘመን የሚሸፍነው፣ በ1968 የታተመው የኢኮኖሚ ታሪካቸው ስለ ንግድ፣ ስለ ግብርና ስለ አሞሌ ጨው ይተርካል። እዚህ ላይ ነጋዴው ታሪክ ውስጥ ገባ።

ወሎን ከውስጥ ያሳዩን ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ናቸው። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና የሚያጠናው፣ በ2001 የታተመው መጽሐፋቸው በአካባቢው የተገኙ የዓረብኛ ጽሑፎችን ከሽማግሌዎች ቃል ጋር ያያይዛል። የኢትዮጵያ እስልምና ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋር በነበረው ግንኙነት ብቻ መታየቱንም ተችተዋል።

ጋዜጠኝነት ታሪክን ያበላሻል እያልኩ አይደለም። ሄዶ መጠየቅ የጋዜጠኛ ሙያ ነው፤ የታሪክ ተማሪም ያስፈልገዋል። ችግሩ የሚመጣው ማንን እንደምንጠይቅ ቀድመን ስንወስን ነው።

እንግዲህ ተራው የእናንተ ነው። የአክሱም ሐውልት ነገም አለ፤ የድሮውን የግጦሽ ስምምነት የሚያውቁት አያታችሁ ግን ላይኖሩ ይችላሉ። ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ቀጥላችሁ ከሌላ ብሔረሰብ የሆኑ ሌላ ሽማግሌ ጠይቁ። ሁለቱ የማይስማሙበትን ቦታ አትሰርዙት፤ ጻፉት። ጥናቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።