ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፦ ግምት፣ ስህተትና እውቀት በሕያዋንና በሰው ሰራሽ ሥርዓቶች

መግቢያ

ፊደል ቆጣሪ ልጅ ጭራሮውን በገበታው ላይ እያሳለፈ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ሲል የሰማ ሰው ልጁ ማንበብ የጀመረ ይመስለዋል። ጠጋ ብሎ ላስተዋለ ግን አንዳንዴ ጭራሮው «ለ» ላይ ሆኖ አፉ «ሐ» ጋ ደርሷል። ልጁን የሚመራው ዜማው ነው፤ አንዱ ድምፅ ቀጣዩን እየጠራለት ይሄዳል። የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህ ሀሁን የዘለቀ ልጅ ወደ አቡጊዳ ይገባል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ቀጥሎም በ፣ ጉ፣ ዲ፣ ሃ፣ ዌ፣ ዝ፣ ሖ። ፊደላቱ ያው ናቸው፤ ተራቸው ግን ተበውዟል። በዜማ ብቻ ይጓዝ የነበረው ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ፊደሉን በመልኩ የለየው ያልፋል።

ይህ የቆየ የማስተማሪያ ዘዴ ዛሬ የነርቭ ሳይንስና የሰው ሰራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎችን የሚያከራክር ጥያቄ ያዘለ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ማወቅ ነውን? አንዱ ወገን «ማሽኑ ቀጣዩን ቃል ከመገመት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም» እያለ ነገሩን ያቃልላል። ሌላው «አንጎልም ገማች ነው፤ እንግዲህ ምን ልዩነት ቀረ?» ይላል። የዚህ ዳሰሳ አቋም ከሁለቱም ይለያል። ግምት የእውቀት አጥንት ነው፤ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ግምት እውቀት የሚባለው ተራው ሲበወዝ የጸና እንደሆነ፣ ገማቹም በራሱ ድርጊት የፈተነው እንደሆነ ነው።

ከስህተት የሚወለድ ትምህርት

ትምህርት ለረጅም ጊዜ የመደጋገም ፍሬ ተደርጎ ይታይ ነበር። ሁለት ነገሮች አብረው በመጡ ቁጥር በእንስሳው አእምሮ ውስጥ ይቆራኛሉ ይባል ነበር፤ ከኢቫን ፓቭሎቭ ውሾች ብዙዎች የወሰዱት ትምህርት ይኸው ነው። ሊዮን ካሚን እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው የአይጦች ሙከራ ይህን ግንዛቤ ከሥሩ አናጋው። ካሚን በመጀመሪያ ድምፅ ሲሰማ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንደሚከተል አይጦቹን አስለመዳቸው። ቀጥሎ ድምፁን ከብርሃን ጋር አጣምሮ ያንኑ ንዝረት ሰጣቸው። በመጨረሻ ብርሃኑን ብቻውን ሲያበራው አይጦቹ እምብዛም አልፈሩም። ብርሃኑና ንዝረቱ ደጋግመው አብረው መጥተዋል፤ ሆኖም ንዝረቱ በድምፁ አስቀድሞ ስለታወቀ ብርሃኑ የሚጨምረው ወሬ አልነበረውም። ድምፁን ቀድመው ያልለመዱ አይጦች ግን ከዚያው ጥምረት ብርሃኑን መፍራት ተማሩ።

ሮበርት ሬስኮርላና አለን ዋግነር በ1972 ለዚህ ነገር የሒሳብ መልክ ሰጡት። ከአንድ አጋጣሚ የሚገኘው ትምህርት በተጠበቀውና በደረሰው መካከል ባለው ልዩነት ይለካል፤ ልዩነቱ ከሌለ ትምህርቱም የለም።

የዚህ ሒሳብ አሻራ በሕያው አንጎል ውስጥ መታየቱ ደግሞ ከዘመናዊ የነርቭ ሳይንስ ትልልቅ ግኝቶች አንዱ ነው። ቮልፍራም ሹልትዝ በስዊዘርላንድ ፍሪቡር ዩኒቨርሲቲ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩ የዝንጀሮ ነርቮችን እንቅስቃሴ አንድ በአንድ ይቀዳ ነበር። ዝንጀሮው ያልጠበቀው የጭማቂ ጠብታ አፉ ሲገባ ነርቮቹ በኃይል ይተኩሳሉ። ከጭማቂው በፊት ምልክት መምጣቱን ሲለምድ ግን ተኩሱ ወደ ምልክቱ ይዛወራል፤ ጭማቂው ራሱ ሲደርስ ነርቮቹ ከወትሯቸው አይለወጡም። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ፣ ይደርስበት በነበረው ቅጽበት ላይ ነርቮቹ ጸጥ ይላሉ። ይህ ጸጥታ ልብ ሊባል ይገባል። በዚያች ቅጽበት ከውጭ የመጣ አንዳች ነገር የለም፤ ነርቮቹ የመለሱት ለቀረ ነገር ነው። ያልመጣ እንግዳ ሊጎድል የሚችለው የሚጠብቀው ባለበት ቤት ብቻ ነው።

ከአይጥ ወደ ማሽን

ሪቻርድ ሰተን በ1988 ያቀረበው ስልተ ቀመር ከስህተት የመማርን ሐሳብ ወደ ማሽን ወሰደው። ስልቱ የመጨረሻውን ውጤት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ የቀደመውን ግምት በተከታዩ ግምት እያረመ ይጓዛል። ጠላ ጠማቂ ጥንስሱን ቀምሳ ፊቷን ስታጨፈግግ ጠላው እስኪጠጣ አልጠበቀችም፤ በመንገድ ላይ ባገኘችው ምልክት ስለ ፍጻሜው የነበራትን ግምት አረመች። ሹልትዝ ከፒተር ዳያንና ከሪድ ሞንታግ ጋር በ1997 ያወጣው ጽሑፍ የዝንጀሮዎቹ ነርቮች የሚያሳዩት ምልክት ከዚህ ስልት የስህተት መለኪያ ጋር እንደሚገጥም አሳየ። ለማሽን የተነደፈ ቀመር የአንጎልን አሠራር ማስረዳት ቻለ። ሰተንና አንድሩ ባርቶ በዚህ ዘርፍ ላበረከቱት መሠረታዊ ሥራ የ2024 የቱሪንግ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

የዛሬዎቹ የቋንቋ ሞዴሎች የሚታነጹትም በግምትና በእርማት ነው። ጽሑፍ ይቀርብላቸዋል፤ ቀጣዩ ቁራጭ ይደበቅባቸዋል፤ ይገምታሉ፤ የስህተቱ መጠን ወደ ኋላ እየተሰላ ውስጣዊ ቁጥሮቻቸው በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላሉ። በ2020 የወጣው ጂፒቲ 3 እንዲህ ያሉ 175 ቢሊዮን ቁጥሮች ነበሩት። ይህን አሠራር ተራ ነገር ነው የሚል ሰው የራሱን ጆሮ ይታዘብ። «ልጁ ዳቦውን ለእናቱ…» ብሎ ተናጋሪው ትንፋሽ ሲወስድ አድማጩ «ሰጣት» የሚለውን ይዞ ይጠብቃል። «ን» እና «ለ» መንገዱን አጥብበውለታል። ግሥ መጨረሻ በሚመጣበት በአማርኛ አድማጭ ሁሉ እንዲህ እየቀደመ ይኖራል። ተናጋሪው «አልሰጣትም» ብሎ ሲጨርስ የተገነባው ምስል ይፈርሳል፤ አድማጩም የሚነቃው እዚያ ላይ ነው።

ሕፃናትም ከዚህ የራቁ አይደሉም። ጄኒ ሳፍራን፣ ሪቻርድ አስሊንና ኤሊሳ ኒውፖርት በ1996 እንዳሳዩት የ8 ወር ሕፃናት ትርጉም የሌለው፣ ያለ ዕረፍት የሚፈስ የቀለማት (የክፍለ ቃል ድምፆች) ተርታ ለ2 ደቂቃ ሰምተው የትኛው ቀለም የትኛውን እንደሚከተል በመለየት የቃላቱን ድንበር ማወቅ ችለዋል። እንግዲህ በሕያዋንና በማሽኖች መካከል ያለው ዝምድና ጥልቅ ነው። ሁለቱም ከተጠበቀውና ከደረሰው ልዩነት ይማራሉ።

የምትራመደውና የምትጎተተው

ዝምድና አንድነት አይደለም። ሪቻርድ ሄልድና አለን ሃይን በ1963 ያሳተሙት ሙከራ ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በጨለማ ያደጉ የድመት ግልገሎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በቀን ለ3 ሰዓት ብርሃን ወዳለበት ክብ ክፍል ይገቡ ነበር። አንደኛዋ በእግሯ ትራመዳለች፤ ሁለተኛዋ ከእሷ ጋር በተያያዘ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጣ ትዞራለች። ሁለቱም ያዩት የግድግዳ መስመር አንድ ዓይነት ነው። በኋላ ሲፈተኑ የተራመደችው ገደል የሚመስለውን ጎን ለይታ ሸሸች፤ መሬት ሲቀርባትም እግሯን ዘረጋች። በቅርጫት የዞረችው ግን ይህን ማድረግ አቃታት። ያየችው አላነሳትም፤ ያጣችው «እንዲህ ብረግጥ ምን ይታየኛል?» ብሎ የመሞከር ዕድል ነው።

ከሰዎች ጽሑፍ ብቻ የተማረ ሞዴል ቅርጫት ውስጥ እንዳለችው ግልገል ነው። ሌሎች የረገጡትን ምድር ዱካ በብዛት አይቷል፤ የረገጡት ግን እነሱ ናቸው። ይህ ማለት ማሽን በተፈጥሮው መራመድ አይችልም ማለት አይደለም። አልፋጎ ዜሮ የተባለው ፕሮግራም በ2017 የጎ ጨዋታን ሕግ ብቻ ይዞ ከራሱ ጋር እየተጫወተ በ3 ቀን ውስጥ፣ የጎ ሻምፒዮኑን ሊ ሴዶልን ያሸነፈውን የቀድሞ ሥሪት 100 ለ0 ረቷል። በራሱ እርምጃ ገመተ፤ በራሱ ሽንፈት ታረመ። ሆኖም የጎ ሰሌዳ ሕጉ የታወቀ፣ ዳሩ የተከለለ፣ ሺህ ጊዜ ቢሸነፉበት ማንንም የማይጎዳ ዓለም ነው። እርሻ፣ ሕክምና ቤትና ፍርድ ቤት እንዲህ አይደሉም።

ሌላም ልዩነት አለ፤ የስህተት ዋጋ። የተራበ እንስሳ ግምቱ ሲስት ጦሙን ያድራል። የማሽን ስህተት ለማሽኑ ቁጥር ነው፤ ዕዳው የሚወድቀው ምክሩን አምኖ በተቀበለው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ማረጋገጥ የእኛ ግዴታ ሆኖ ይቀራል።

ተራው ሲበወዝ

የአቡጊዳ ፈተና ለማሽኖችም ቀርቧል። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት፣ «እከሌ የዚህ ነገር ባለቤት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር የተማሩ የቋንቋ ሞዴሎች «የዚህ ነገር ባለቤት ማን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ እንደሚሳናቸው አሳይቷል። እውነቱ አንድ ነው፤ የተገለበጠው ተራው ብቻ ነው። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሳንባ ምች ከራጅ ምስል እንዲለይ የሠለጠነ ሞዴል ከሥልጠናው ውጭ ወደሆነ ሆስፒታል ሲሄድ ብቃቱ ሊወርድ እንደሚችል አሳየ። ሞዴሉ ምስሉ የተነሣው የት እንደሆነ መለየት ይችል ነበር፤ በሽታው ከሚበዛበት ሆስፒታል የመጣ መሆኑም ለግምቱ አቋራጭ ይሆንለታል።

ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። ሰውም የተራ እስረኛ ነው፤ ሀሁን ከ«ፐ» ወደ ኋላ በል ቢሉት ብዙው ጎልማሳ ይደናቀፋል። ሰው ግን ሲደናቀፍ ገበታው ፊት ተመልሶ ይቆማል፤ ጣቱን ፊደሉ ላይ አድርጎ ይፈትሻል። እውቀት የሚታነጸው በዚህ ምልልስ ነው።

ማጠቃለያ

ማሽኖች ያውቃሉ ወይስ አያውቁም ብሎ በጅምላ መከራከር ብዙ አያራምድም። ይልቅ ስለ እያንዳንዱ ግምት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ተራው ሲበወዝ ይጸናል ወይ? ገማቹ ራሱ ሞክሮታል ወይ? ሲስትስ ማን ይከፍላል?

መጠየቁም አንድ ጊዜ ተጠይቆ የሚያበቃ አይደለም። አቡጊዳም ቢሆን ሲደጋገም ዜማ ይሆናል። በኢንተርኔት የተለቀቀ መፈተኛ ሁሉ ነገ የሥልጠና ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ፈተናውንም በቃሉ ያዜመዋል። በአማርኛ ሞዴሎች ላይ የምትሠሩ ወገኖች ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ የፈተና ወረቀት አይብቃችሁ። በቋንቋው የሚኖሩ ሰዎች በየጊዜው አዲስ ጥያቄ ያውጡ፤ ጥያቄውም እስኪፈተንበት ድረስ አደባባይ አይውጣ። የኔታ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ልጁ አቡጊዳውን ማዜም ሲጀምር ጭራሮውን ከእጁ ይወስዱና ከገበታው መሃል አንዷን ፊደል ነክተው «ይህችስ ማን ናት?» ይላሉ።