ስለ ሕዝብ ንብረት ኮንሴሲዮን አሰጣጥ፤ አጭር ትችት

ከጦር ኃይሎች እስከ አያት የሚሄደው የከተማ ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የተሠራውም በአብዛኛው ከቻይና ኤክዚም ባንክ በተገኘ ብድር እንጂ በኮንሴሲዮን አይደለም። ሆኖም ነገ የጣቢያው ሱቅ ወይም አገልግሎቱ ራሱ ለግል ኩባንያ ይሰጥ ቢባል፣ አሰጣጡ በምን ደንብ ይመራል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3207 እንደሚለው ኮንሴሲዮን ተቀባዩ የሕዝብ አገልግሎት ያካሂዳል፤ ዋጋውንም ከተጠቃሚው ይቀበላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076 ደግሞ ለጨረታ ውድድር ሥርዓት አበጅቷል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጨረታ በቅድሚያ የሚጠብቀው የተጫራቾችን እኩልነት ነው፤ ከፋዩ ሕዝብ በጨረታው አዳራሽ ወንበር የለውም።

ታሪካችንም ይህን ያስረዳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ኮንሴሲዮን ለ99 ዓመት የሚጸና ነበር። ኩባንያው ግን ገንዘብ ሲያጥረው በ1894 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ሳያስፈቅድ ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። ከዚህ እንደምንማረው፣ ተቀባዩን መምረጥ የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት የውሉ ዘመን፣ የታሪፉ ጣሪያና ውሉን ለሌላ የማስተላለፍ ገደብ ተቈርጠው ሊታወቁ ይገባል እንላለን። የተፈረመውም ውል በአማርኛ ተጽፎ በየጣቢያው ይለጠፍ። በጦር ኃይሎች ተሰልፎ ቲኬት የሚገዛው ሰው ሊያነበው መብት አለው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው እሱ ነውና።