በስምንት ፈረስ ጉልበት የተሄደ እርቅ፦ «ዘ ስትሬት ስቶሪ» ሲመዘን

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1994 አልቪን ስትሬት የተባሉ የ73 ዓመት አዛውንት፣ አዮዋ ውስጥ ካለችው ትንሿ ከተማቸው ከሎረንስ ተነሥተው፣ ስትሮክ የመታውን ወንድማቸውን ሊጠይቁ ወደ ዊስኮንሲን ጉዞ ጀመሩ። ዓይናቸው ስለደከመ መንጃ ፈቃድ የላቸውም። ሰው እንዲያደርሳቸውም አልፈለጉም። ስለዚህ በ1966 የተሠራች የጆን ዲር የግቢ ትራክተር ላይ ወጡ፤ ከኋላዋ ተጎታች ቀጠሉላትና 386 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በስድስት ሳምንት ጨረሱት። ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሜሪ ስዊኒ ከጆን ሮች ጋር ሆና የፊልም ጽሑፍ አደረገችው፤ ዴቪድ ሊንችም በ1999 «ዘ ስትሬት ስቶሪ» ብሎ ለዕይታ አበቃው። በፊልሙ ወንድምየው ላይል ይባላል፤ ሁለቱም ተኳርፈው አሥር ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል።

ሊንች በ«ብሉ ቬልቬት» እና በ«ሎስት ሃይዌይ» የቅዠትና የጭካኔ ባለሙያ ተብሎ የተፈረጀ አዘጋጅ ነበር። ይኸኛው ግን በዋልት ዲዝኒ ስም የወጣ፣ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ የሚያየው ፊልም ነው። ከረጃጅም ፊልሞቹ መካከል በጽሑፉ ላይ የእሱ ስም የሌለበትም ይህ ብቻ ነው። ብዙዎች ሥራውን ከሊንች መንገድ እንደወጣ እንግዳ ነገር የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የምይዘው በሌላ በኩል ነው፦ የፊልሙ ቅርጽ የተቀዳው ከማሽኗ ነው። በማሽኗ ፍጥነት ሲሄድ ወደር የለውም፤ ከማሽኗ ወርዶ ምክር መለገስ ሲጀምር ግን ይደክማል።

ስለ ማሽኗ ጥቂት ማለት ግድ ነው፤ ፊልሙ ራሱ ብዙ አይልምና። ጆን ዲር በእርሻ መሣሪያ ስሙ የገነነ ኩባንያ ቢሆንም ወደ ግቢ ትራክተር ገበያ የገባው ዘግይቶ ነው። ዊል ሆርስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ፣ ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ደግሞ በ1961 ከብ ካዴት በተባለው ትራክተሩ ቀድመውታል። የዲር የመጀመሪያዋ የግቢ ትራክተር፣ 110 የምትባለው፣ በ1963 ከሆሪኮን ፋብሪካ ወጣች። አልቪን የነዷት የ1966ቷ 110 ባለ ስምንት ፈረስ ጉልበት የኮለር ሞተር ተገጥሞላታል። ጉልበቱ ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው በቺንጋ ነው። ነጂው ማንሻውን ሲያንቀሳቅስ የፑሌጃው ሁለት ገጾች ይቀራረባሉ ወይም ይራራቃሉ፤ ፍጥነቱም ማርሽ ሳይቀየር ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። እስከ 1967 የተሠሩት ፓራፋንጎአቸው ክብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ማዕዘናማ ናቸው። አሮጌ ትራክተር ለሚያድሱ ሰዎች የክቡና የማዕዘናማው ልዩነት ትልቅ ጉዳይ ነው። በእድሳቱ ላይም ሁለት ወገን አለ። አንዱ ላሜራውን እስከ ብረቱ ፍቆ አረንጓዴና ቢጫውን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ ይቀባል። ሌላው ሞተሩንና ቺንጋውን አስተካክሎ የደበዘዘውን ቀለም እንዳለ ይተወዋል። ሊንች ያለማወላወል ከሁለተኛው ወገን ነው። የፊልሙ 110 ለሥራ የተገዛች ያገለገለች ዕቃ ናት፤ ማንም አላሳመራትም። በሁለት ከዘራ የሚሄዱት ሰውዬም እንደዚያው ናቸው፤ ፊልሙ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ተምሳሌት ናት» ብሎ አለመጮሁ ትልቅ ብልኃት ነው። አንድ ነገር ግን አምልጦታል። ሆሪኮን የምትገኘው ዊስኮንሲን ውስጥ ነው። አልቪን ሳያውቁት ትራክተሯን ወደ ተወለደችበት ግዛት እየመለሷት ነው፤ ፊልሙ እጁ ላይ የነበረውን ይህን ምጸት ልብ ያለው አይመስልም።

መዋቅሩ የጉዞ ትልም ነው፤ ከመነሻ ወደ መድረሻ፣ ያለ ምልሰት። የመጀመሪያው ሙከራ ይከሽፋል። አሮጌዋ ማጨጃ መንገድ ላይ ትሞታለች፤ በጭነት መኪና ወደ ቤት ትመለሳለች፤ አልቪንም ጠመንጃ አውጥተው ይጨርሷታል። ከዚያ 110ሯን ይገዛሉ፣ እንደገና ይነሣሉ፤ የፊልሙ ትልቁ ቀረጻም እዚህ ላይ ይመጣል። ካሜራው በመንገዱ ላይ እየራቀች ያለችውን ትራክተር ያሳየናል፤ ቀስ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ደመናው ላይ ያርፋል። በሲኒማ ልማድ እንዲህ ያለ የሰማይ ቀረጻ ጊዜ እንዳለፈ ይነግረናል፤ ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ እንጠብቃለን። ካሜራው ሲወርድ ግን ትራክተሯ እዚያው አካባቢ ናት፤ የተራመደችው ጥቂት ነው። ሳቅ ያመጣል፤ ከሳቁ በኋላ ግን ተመልካቹ የራሱን ሰዓት ከማሽኗ ሰዓት ጋር ለማስተካከል ይገደዳል። ፊልሙ ይህን ስምምነት አንዴ ካስፈረመን በኋላ አጨዳ፣ ዝናብ፣ አልፎ የሚሄድ የጭነት መኪና፣ ሁሉም ክስተት ይሆናል። ቀረጻው በእውነተኛው መንገድ ላይ፣ በታሪኩ ቅደም ተከተል መካሄዱም ጠቅሞታል፤ መቼቱ ዓይናችን እያየ ወቅቱን ይቀይራል። ካሜራውን የያዙት አንጋፋው ፍሬዲ ፍራንሲስ ሰማይና ማሳ ሲከፍሉ አይሳሳቱም።

ጡዘቱ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ቺንጋው ይበጠሳል፤ ትራክተሯ ከተጎታቹ ጋር ትለቀቃለች። ከጅምሩ ትንፋሽ ሰጥቶ የመጣው ኤዲቲንግ ድንገት ይቆራረጣል፤ የአዛውንቱ ፊት፣ መሪው፣ እሳት አደጋ ሠራተኞች ለልምምድ የሚያቃጥሉት ቤት። እዚህ ላይ የማሽን ብልሽትና የታሪክ ግጭት አንድ ሆነዋል። ቀጥሎ የሚመጡት መንታ መካኒኮች ደግሞ የፊልሙ ምርጥ ቀልድ ናቸው፤ እርስ በርስ ሲነታረኩ አልቪን ሒሳቡን መስመር በመስመር እየተከራከሩ ያስቀንሳሉ፣ መሀል ላይ ስለ ወንድምነት ጣል ያደርጋሉ። ቅሬታዬ ግን አለኝ። ጥገናው ራሱ በጥቅሉ ታልፏል። ዝግታን እንዲህ ያከበረ ፊልም፣ ካምቢዮ ሲፈታ፣ እጅ በዘይት ሲጠቁር፣ አዲስ ቺንጋ ፑሌጃው ላይ ሲቀመጥ ለማየት ሁለት ደቂቃ አለመስጠቱ ይቆጨኛል። ሒሳብ የሚያስከፍለውን ሥራ ሳናይ ሒሳቡን ብቻ አየን።

ወደ ቋንቋው ስንመጣ ፊልሙ ሁለት ድምፅ አለው። አንደኛው የአዮዋ ገጠር ሰው የቁጥብነት ድምፅ ነው፤ ትንሽ ይባላል፣ ብዙ ይቀራል። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት የጦርነት ዘመን ሽማግሌዎች ሲነጋገሩ፣ አልቪን ወተታቸውን ይዘው ሃምሳ ዓመት የደበቁትን ሲያወጡ፣ ካሜራው ፊታቸው ላይ ይቆያል። የጦር ሜዳ ትዕይንት አይገባም። ከዚህ የጠራ ምልልስ በአሜሪካ ሲኒማ ብዙ የለም። ሁለተኛው ድምፅ የሰባኪ ነው። አልቪን መንገድ ላይ ላገኟት፣ ከቤቷ ለጠፋች ነፍሰ ጡር ልጅ ስለ ቤተሰብ ለመንገር አንድ ጭራሮ ይሰበራል፣ የታሰረ ጭራሮ ግን አይሰበርም ይሏታል፤ በነጋታው ልጅቷ ሄዳለች፤ የታሰረ ጭራሮ ትታለች። ድር ቢያብርን ከእናቱ ጉያ የሰማ ተመልካች መልእክቱን ገና ጭራሮው ሲነሣ ጨርሶታል። ተምሳሌቱ ተዘግቶ፣ ተቆልፎ፣ ቁልፉም ከነማብራሪያው ተሰጥቶናል። የአንጄሎ ባዳላሜንቲ ሙዚቃም፣ በአብዛኛው ልክ ሆኖ ሳለ፣ እንደዚህ ባሉ ቦታዎች ላይ ስኳር ይጨምራል።

ይህን ሁሉ ከመንሸራተት የሚያድኑት አልቪንን የሚጫወቱት ሪቻርድ ፋርንስዎርዝ ናቸው። በስታንትማንነት የጀመሩት እኚህ ተዋናይ ሲቀረጹ ካንሰር ይዟቸው ነበር። በ79 ዓመታቸው ለኦስካር ታጩ፤ በ2000 አረፉ። ከመቀመጫ ሲነሡ የሚታየው ሕመም ትወና ብቻ አይደለም፤ ያንን ግን አይነግዱበትም። ሲሲ ስፔሴክ የአልቪንን ልጅ የሮዝን የሚቆራረጥ ንግግር ወደ መሳቂያ ሳትወስድ ጠብቃዋለች፤ ጽሑፉ ግን መንገዱ ከተጀመረ በኋላ ስልክ ላይ ትቷታል። ይህች ገጸ ባሕርይ የበለጠ ይገባት ነበር።

ጠንከር ያለው ነቀፌታ የሚመለከተው የፊልሙን ዓለም ነው። መንገድ ላይ የሚያጋጥመው ሰው ሁሉ ደግ ነው፤ ሁሉም ያደምጣል፣ ሁሉም ይረዳል። አዮዋ በ1980ዎቹ የእርሻ ቀውስ ብዙ ገበሬ መሬቱን ያጣባት ግዛት ናት፤ የዚያ ጠባሳ በፊልሙ ማሳዎች ላይ አይታይም። እውነተኛው አልቪን ገንዘብ አልቆባቸው የጡረታ ቼክ እስኪደርስ መንገድ ላይ ቆመው ጠብቀዋል። ፊልሙ ቼኩን ይጠቅሳል እንጂ ችግሩን አያስቀምሰንም።

ያም ሆኖ «ዲዝኒ ሊንችን ገራው» የሚለው ፍርድ አይጸናም። መኪናዋ አጋዘን የገጨባትን ሴት ማየት ይበቃል። በሰባት ሳምንት 13 አጋዘን ገድያለሁ እያለች፣ እወዳቸዋለሁ እያለች፣ ባዶው መንገድ ላይ ትጮኻለች። ከየት እንደሚመጡባት አታውቅም፤ እኛም አናውቅም። ትሄዳለች። አልቪን ሥጋውን ጠብሰው ይበላሉ፤ ዙሪያቸውን የቆሙ የአጋዘን ሐውልቶች ያዩዋቸዋል፤ ቀንዱም ተጎታቹ ላይ ይሰካል። ማንም ምንም አያብራራም። ሳቁንና ዘግናኙን ሳይለያይ ያስቀመጠው ይህ ትዕይንት በእኔ ሚዛን ከጭራሮው ምክር ሁሉ ይበልጣል።